ከመስመሩ ሥር ያለው ስም

ኪቱይ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለመምህሬ ለምዋሊሙ ኪሆሮ፣

የሊሙሩ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? የእማማ ንጄሪ ጉልበትስ ሻል አለው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም፤ ስለዚህ ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በኢንተርኔቱ የሕዝብ መድረክ ላይ ስጮህ አይተው «እንደ ገበያ ሴት አትንጫጪ፤ የምትይው ካለሽ እንዳስተማርኩሽ ደብዳቤ ጻፊ» አሉኝ። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ምን ሆነሽ ነው ላሉኝ መልሱ አጭር ነው፦ ተፈርዶብኛል፤ የፈረደብኝ ደግሞ ጆሮ የለውም።

የኮምፒውተር መፈለጊያችንን ኩሩንዚን መሥራት የጀመርን ጊዜ ክፍል ውስጥ ያሉንን አልረሳሁም። ጠመኔዎን እንደያዙ «ይህ መፈለጊያ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ውስጡ ለዓለም ክፍት ነው፤ ጉድለት ያየ ይጠግን» ብለውናል። እኔም ጉድለት አየሁ፣ ጠገንኩ፣ ላክሁ። ሳሎንዎ ጥግ ተቀምጦ የሚያጓራው ኮምፒውተር፣ ያ «ዳኛው» የሚሉት፣ እንደ ልማዱ የቀኑን ሥራ ሁሉ ሲለካ የእኔንም ለካው። ፍለጋው ከትናንቱ ይልቅ ከመቶው አሥራ አንድ እጅ ዘግይቷል አለና ማንንም ሳይጠይቅ አውጥቶ ጣለው። መጣሉስ ይሁን። ዓለም በሚያየው የየቀኑ ፍጥነት ግራፍ መስመር ላይ ቀይ ነጥብ አድርጎ ከሥሩ «ለመዘግየት ተጠያቂ፦ ሲዮካው» ብሎ ጻፈብኝ። እንደ ሌባ በር ላይ ተለጠፍኩ እኮ!

ጥገናዬ ከዝናቡ በፊት፣ በማርች መጨረሻ በሚወጣው አዲሱ የኩሩንዚ እትም ውስጥ መግባት አለበት። ስሜም ከዚያ መስመር ሥር ይፋቅልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ የላክሁትን አንብበውታል?

አክባሪዎ ሲዮካው

ሊሙሩ፣ ፌብሩዋሪ 9

ልጄ ሲዮካው፣

ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጭጋጉ ከሻይ ማሳው ላይ ሳይነሳ ምሳ ይደርሳል። የንጄሪ ጉልበት ባይሻለውም ምላሷ ደህና ነው። ደብዳቤሽን ባነብላት «ይቺ ልጅ እውነቷን ነው» አለችኝ። ምኑ እውነት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አላነበብኩትም። በስንፍና እንዳይመስልሽ። ዳኛውን የሠራሁት ማንም የማንንም ሥራ በስሙ እንዳይፈርድ ብዬ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አታውቂውም። አንዱ «የእኔ ይፈጥናል» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የእኔ» ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮው የበረታ ያሸንፋል። አሁን በጉሮሮ የሚረታ የለም። ከሩቅ ሆኖ አብሮን የሚሠራው የኢስቶኒያው ሃኖም ይሁን የጎረቤቴ ልጅ፣ ከመቶው አምስት እጅ በላይ ያዘገየ ይወጣል። ተማሪዬ ስለሆንሽ አንቺን በጓሮ በር ላስገባሽ? እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?

እስቲ መስመሩን ተመልከቺው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ። ካምናው የሃኖ አቋራጭ ወዲህማ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል፤ በሠሪዎቹ ስብሰባ ላይ ሰው ቆሞ ነው ያጨበጨበለት። እንዲህ ያለ መስመር ያለው ሌላ መፈለጊያ ካለ አሳዪኝ።

አሁን ደግሞ አንቺ ንገሪኝ። ለአንድ ቀይ ነጥብ ይህን ያህል መንደድ ያንቺ ጠባይ አይደለም። ማን ተጎዳ? ዝናቡንስ ምን አመጣው? አክስትሽ ካቫታ እንዴት ናት? የሠራችልንን ቅርጫት ንጄሪ እስከ ዛሬ ገበያ ትወጣበታለች።

መምህርሽ ኪሆሮ

ኪቱይ፣ ፌብሩዋሪ 15

ለምዋሊሙ ኪሆሮ፣

እማማ ንጄሪን ጉልበታቸውን ሳይሆን ምላሳቸውን ያቆይልን ይበሉልኝ። አክስቴ ደህና ናት። ማንም አልተጎዳም፤ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ይተዉት።

መቼም አንብበው አይፈርዱም፤ ስለዚህ እኔው ልንገርዎ። ኩሩንዚ የተሰጠውን ነገር ሁሉ በመሳቢያ በመሳቢያ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሃኖ አቋራጭ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መሳቢያዎች ከፍቶ ምንም ካላገኘ «ከዚህ ወዲያም አይኖርም» ብሎ ያቆማል። «እግር ኳስ» ብለው ቢጠይቁት ምንም አይል፤ እግር ኳስ በየመሳቢያው ሞልቷል። በመጨረሻው መሳቢያ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ብርቅ ነገር ቢጠይቁት ግን ዓይንዎን ሳያርገበግቡ «የለም» ይልዎታል። አለ እኮ! ቁጭ ብሎ! የእኔ ጥገና እስከ መጨረሻው መሳቢያ እንዲሄድ ነው የሚያደርገው። መሄድ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላ ምን ይወስዳል?

የቁራ መልእክተኛ ይሻለኛል። እሱ ሄዶ ይቀራል እንጂ ሳይሄድ ተመልሶ «የሉም» አይልም።

ሃኖን ክፉ ነው አላልኩም። ስጽፍለት በትሕትና መለሰልኝ፤ «ዳኛው አሳልፎታል» አለ። ለሌሎቹ የኩሩንዚ ሠሪዎችም ጻፍኩ፤ ዳኛው፣ ዳኛው፣ ዳኛው። ሃያ ሰው አንድ አፍ ሲሆን እንደዚህ ነው። በስብሰባው ላይ ከቆሙት አጨብጫቢዎች አንዱ እንኳ «ለመሆኑ አገኘው?» ብሎ አልጠየቀም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

እስቲ ይንገሩኝ፤ ዳኛው በየቀኑ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከየት የመጡ ናቸው? ብርቅ ነገር ጠይቆ ያውቃል?

ሲዮካው

ሊሙሩ፣ ፌብሩዋሪ 20

ሲዮካው፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የክፍል ጓደኛሽን ሙምቡዋን አገኘናት። «የሲዮካው አክስት እጃቸው እንዴት ሆነ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን! እባብ እንደነደፋት፣ ጣቶቿን እንዳጣች፣ ወር እንዳለፈው መንገድ ዳር ቆሜ ሰማሁ። አንቺ ግን «ደህና ናት፤ ማንም አልተጎዳም» ብለሽ በገዛ እጅሽ ጽፈሽልኛል። ሚስቴ ንጄሪ ያንን ቅርጫት ይዛ እያለቀሰች ወደ ቤት ገባች። እኔ ምንሽ ነኝ? ባዳ ነኝ?

የጠየቅሽኝን ግን እመልሳለሁ፤ እንዳንቺ አልደብቅም። ጥያቄዎቹን የጻፋችኋቸው እናንተው ናችሁ። ዳኛውን በሠራሁ ዓመት በክፍላችሁ «ሰው ምን ይፈልጋል? አንድ አንድ ጻፉ» አልኳችሁ። ዳኛው እስከ ዛሬ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። የሁላችሁም ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች፣ በተለይ ብርቅ ብርቁ፣ ዛሬ ፈጥነው ነገ እየዘገዩ መስመሩን ያንቀጠቅጡት ነበር። እነሱን በእጄ ለቅሜ አወጣኋቸው፤ መስመሩም ረጋ። የሚለካ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሚዛን ላይ ያረፈች ዝንብ ትባረራለች።

ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ይሁን እንጂ ሐዘን ማስረጃ አይሆንም። ለአንቺ እንባ ብዬ በሩን ከከፈትኩ ነገ እንባ ያለው ሁሉ ይመጣል።

ኪሆሮ

ኪቱይ፣ ፌብሩዋሪ 24

ለምዋሊሙ ኪሆሮ፣

ስለዋሸሁዎ ይቅርታ። ለምን ደበቅሽኝ ብለዋል። አሁን እንዳሉት እንዳይሉኝ ነዋ! አክስቴን ተሸክሜ ደጅዎ መጥቼ «እዘኑልኝ» ማለት ስላልፈለግሁ፣ ሥራዬ በሥራነቱ እንዲታይ ስለፈለግሁ ነው። ካወቁ ወዲያ ግን ሁሉንም ይስሙት።

ለቅርጫቷ ቃጫ ስትቆርጥ ነው የነደፋት፤ ቀኝ እጇን። ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሮጥን። ነርሷ የመርዝ ማርከሻው የትኛው ጣቢያ እንዳለ በገጹ ላይ ጠየቀች። የአውራጃው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ መድኃኒታቸውን የሚያስታውቁበትን ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በኩሩንዚ፣ እየኮራሁ። ወዲያው መለሰላት፦ የለም። «ዛሬ ሲስተሙ እንዴት ይፈጥናል!» አለችኝ ነርሷ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ደስ አለኝ።

በማታቱ ሚኒባስ ጭነን እስከ ማቻኮስ ሆስፒታል ድረስ ወሰድናት። መድኃኒቱ ግን ከእኛ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ አክስቴ በደህናው ቀን በእግሯ ገበያ በምትሄድበት መንደር። የማቻኮስ ሐኪሞች ነፍሷን አተረፉ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ግን የሉም። ቅርጫት የሚሠራው በየትኛው ጣት እንደሆነ እማማ ንጄሪን ይጠይቋቸው። ዝናቡ ሲገባ እባብ ሁሉ ከጉድጓዱ ይወጣል። ዝናቡን ምን አመጣው ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው።

ዝንብ አሉኝ። ሚዛንዎ ላይ ያረፈችው ዝንብ ማን እንደሆነች አሁን አወቋት?

ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ የጻፍኩት ጥያቄ ትዝ ይለኛል። «ባለ ሦስት ቀለም የኪቱይ ቅርጫት» ይል ነበር። ዛሬ ዳኛው ከሚጠይቃቸው መካከል ብፈልገው የለም፤ መስመርዎን አንቀጥቅጬብዎ ነበር ማለት ነው! ሰው ምን ይፈልጋል ብለው ጠየቁን፤ ከዚያ ሰው የቸገረውን ነቅለው ሳይፈልገው የሚያገኘውን አስቀሩ። እግር ኳስን ማን አጥቶት ያውቃል? የበቆሎን ዋጋ ማን አጥቶት ያውቃል? ለዘጠኝ ዓመት የለኩት ጠፍቶ የማያውቅ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚገኝ ነው!

እንባ አልላክሁልዎም። ጥገና ነው የላክሁልዎ። ያንብቡት።

ሲዮካው

ሊሙሩ፣ ማርች 3

ሲዮካው፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዳኛውን ከሕዝብ ገጹ ላይ አውርጄዋለሁ። እኔ እስክጽፍልሽ ምንም አትጠይቂኝ፤ መድረኩም ላይ አትናገሪ። ስለ ጥገናሽ አሁን የምለው የለኝም።

ንጄሪ ለአክስትሽ ማር ልካለች፤ የኪቱዩ ሹፌር ሙሶካ ያደርስልሻል።

ኪሆሮ

ኪቱይ፣ ማርች 8

ለምዋሊሙ ኪሆሮ፣

ማሩ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልን። አክስቴ ጣሳውን አገላብጣ አየችና «ማር ላኩልኝ? በየትኛው ጣቴ ልልሰው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አትጠይቂኝ ብለዋል። አልጠይቅዎም። ልንገርዎ እንጂ። ዳኛ ሲጨንቀው ችሎት ዘግቶ ይሄዳል እንዴ? እትሙ የሚወጣበት ቀን ደርሷል፤ እዚህ ሰማዩ መክበድ ጀምሯል፤ እርስዎ ደግሞ መጋረጃ ጥለው ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ «ዳኛው ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁዎ «ጥገና ላይ ነው» ብለው መለሱ። ጥገና! ቃሏን ከእኔ ወስደው ነው?

ለኪቱይማ ችግር የለም፤ ክፍት ነው ብለውን የለ፣ ኩሩንዚን ወስጄ ለራሳችን ጠግኜዋለሁ። የአክስቴ መንደር ጤና ጣቢያ ከትናንት ጀምሮ በትክክል ያገኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ኩሩንዚ በቱርካናም አለ፣ በታና ወንዝም አለ፣ ስሙን በማላውቀው አገርም አለ። እዚያ ያለችው ነርስ ምን ታውቃለች? ቶሎ «የለም» ስትባል «እንዴት ይፈጥናል!» ትላለች።

እንደ አባት ነበር የማይዎ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ያመኛል፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

ሲዮካው

ሊሙሩ፣ ማርች 20

ልጄ ሲዮካው፣

አክስትሽ ስለ ማሩ ያለችውን ለንጄሪ ባነብላት ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ስለዚህ ቅጣቴን ከዚህም ከዚያም እየተቀበልኩ ነው የምጽፍልሽ።

የዘጋሁት ልሸሽ አልነበረም። ሳይጨርስ የሚናገር ሰው ስለማልወድ ነው ያልነገርኩሽ። መጀመሪያ ጥገናሽን አነበብኩት። ከዚያ ያወጣኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ መለስኩ፤ የቅርጫቱንም ጭምር። በላያቸው አንድ አዲስ ጨመርኩ፤ የእባብ መርዝ ማርከሻ የት እንዳለ የሚጠይቅ፣ መልሱ በመጨረሻው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ። ስሙን «የካቫታ ጥያቄ» ብዬዋለሁ። ቀጥሎ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ዳኛው ከእንግዲህ አስቀድሞ መልሱን ያያል፤ ያለውን የለም ያለ ፍጥነቱ አይለካም። ከዚያ የዘጠኙን ዓመት እትም አንድ ባንድ አውጥቼ እንደ አዲስ አስሮጥኩት። ሳምንታት የፈጀብኝ እሱ ነው። ጩኸቱና ሙቀቱ ንጄሪን ከሳሎን አሰደዳት፤ ድመቷ ብቻ ወደደችው።

ውጤቱን ልንገርሽ። ከሃኖ አቋራጭ ወዲህ መስመር የለም። ባዶ ነው። ቆመን ያጨበጨብንለት ጊዜ ሁሉ ባዶ ነው። መስመሩ እንደገና የሚጀምረው ካንቺ ጥገና ላይ ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ።

ትናንት ለሕዝብ ከፈትኩትና ጉድ ፈላ። «የዘጠኝ ዓመት መስመር አበላሸህ»፣ «ሌሎቹ መፈለጊያዎች ይስቁብናል»፣ «ባዶውን ቦታ ቢያንስ ሸፍነው» እያሉ ወረዱብኝ። አንዱማ «ብርቅ ነገር የሚፈልግ ሰው ስንት ነው?» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። መድረክ ላይ ጮሄ የማላውቀው ሰውዬ ጮህኩ። «አንድ ነው! አንድ ሰው ነው፣ እጁን ተነድፎ የቆመ! ለእሱ ካልሆነ ለማን ነው የሠራነው? እግር ኳስ ለሚያይ ነው?» አልኩት። እንደ ገበያ ሴት ተንጫጫሁ ልጄ፤ የገበያ ሴቶችም ለካ እውነት አላቸው። ሃኖ ብቻ ሳይከራከር «የሲዮካው ጥገና ይግባ፤ የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ገብቷል። በወሩ መጨረሻ ይወጣል።

አሁን ንጄሪ ከኋላዬ ቆማ «ጻፈው» ትለኛለች። እሺ። ሳላነብ ፈርጄብሻለሁ። አክስትሽን ዝንብ ብያታለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እሷም ይቅርታ ታድርግልኝ።

ስምሽን ዛሬውኑ ከመስመሩ ሥር እፍቀዋለሁ። ባለስሙ ሳይፈቅድ ግን አልነካም፤ እሺ በይኝ።

መምህርሽ ኪሆሮ

ኪቱይ፣ አፕሪል 9

ለመምህሬ ለምዋሊሙ ኪሆሮ፣ ለእማማ ንጄሪም፣

ዝናቡ ገባልን፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል። ባለፈው የጻፍኩት ቃል የበዛ ነበር። «ይቅርታ» ብዬ ልጽፍ ስል አክስቴ ከለከለችኝ። «የእሱን ይቅርታ ተቀብያለሁ በይው፤ ያንቺን ግን ምን አጥፍተሽ?» አለች። «በስሜ የጠራትን ጥያቄ ደግሞ መቼም እንዳያወጣት» ብላለች። በግራ እጇ ቃጫ መጎንጎን ጀምራለች፤ የሚወጣው ሁሉ ጠማማ ነው፤ እባቡንም፣ ቃጫውንም፣ እኔንም እየተሳደበች ትሠራለች።

የቱርካናው ደብዳቤ እስኪደርሰኝ ብዬ ነው እንጂ እስካሁን የዘገየሁት በንፉግነት አይደለም። አዲሱ እትም ከወጣ ወዲህ እዚያ ከምትሠራ ነርስ ጋር እንጻጻፋለን። ባለፈው ሳምንት አንድ የፍየል ነጋዴ እግሩን ተነድፎ ጤና ጣቢያዋ ደርሷል። ማርከሻውን በኩሩንዚ ጠየቀች። መልሱ ትንሽ ቆየባት። ያንን ትንሽ ጊዜ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች፣ ሰውየው እያቃሰተ፣ «ምን ነካው ዛሬ፣ ሲስተሙ ዘገየ!» እያለች እንደጠበቀች ጻፈችልኝ። ከዚያ መጣ፦ አለ። ከወንዙ ማዶ ባለው ጣቢያ። ሞተር ብስክሌት ላኩ። ሰውየው በማግስቱ ፍየሎቼን ማን ነዳቸው እያለ ሲቆጣ ነበር አሉ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ።

ያቺን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኳት። እዚያ የቆየችው ትንሽ ጊዜ የእኔ ናት። እኔ ነኝ የጨመርኳት።

ስሜን አይፍቁት። «ለመዘግየት ተጠያቂ፦ ሲዮካው» ይበል።

ተጠያቂዋ ተማሪዎ፣
ሲዮካው